ይሉኝታ ሲበዛ

ይሉኝታን ጨርሶ ልተው የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አስቀይሞ ያርፋል፤ ከዚያ በጸጸት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መላቀቅ የሚገባው ከይሉኝታው ሳይሆን "አንድም ሰው ቅር እንዳይለው" ከሚለው ጭንቀት ነው።

ይህ ጭንቀት የሚያሸንፈን ሳናስበው ከአፋችን በሚያመልጠው "እሺ" ነው። ስለዚህ ልምምዱ በእምቢታ ሳይሆን መልስን በማቆየት ይጀምራል። "ፕሮግራሜን አይቼ ነገ ጠዋት እነግርዎታለሁ" ይበሉ፤ ነገ ጠዋትም ይንገሩ። ቀን ያልተቆረጠለት "እስቲ እናያለን" እንደ እሺታ ስለሚቆጠር የኋላ ኋላ ቅያሜው ይብሳል።

እምቢ ሲሉ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "ቅዳሜ አልችልም። ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ።" ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ምክንያት ይደረድራል። "መኪና የለኝም" ካሉ "እኛ እናደርስዎታለን" ይባላሉ፤ አሁን የቀረዎት ወይ መሄድ ወይ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው መረታት ነው። ጠያቂው መጎትጎት እንደሚያዋጣ ይማራል፤ በሚቀጥለው አምስት ጊዜ ይጠይቃል።

ከወላጅ ወይም ከአለቃ አይጀምሩ። የሚያስጨንቁዎትን ሁኔታዎች ጽፈው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ፤ 3 ካገኘው ይነሱ። ያልተመቸ ሰዓት ማስቀየር ወይም ሻጩ ብዙ ዕቃ ካወረደልዎ በኋላ ሳይገዙ መውጣት ሊሆን ይችላል። ደጋግመው ሲያደርጉት ነጥቡ ወደ 1 ከወረደ 5 ያለውን ይሞክሩ። በመሃል "ተቀየሙኝ እንዴ?" ብሎ መደወል ልፋቱን ያበላሻል። ጭንቀቱ ማረጋገጫ ሳያገኝም በራሱ እንደሚበርድ ማየት የሚቻለው ሳይደውሉ ሲቆዩ ነውና።

ብቻዎን አይግቡበት። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት በዓይን እንዲያወዳድሩ አድርጎ ነበር። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት (የተመራማሪው ተባባሪዎች ነበሩ) በስምምነት የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ተፈታኞቹ ከሰጡት መልስ ሲሶ ያህሉ ስህተቱን የተከተለ ነበር። አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ይህ በእጅጉ ቀነሰ። እርስዎም ዕቅድዎን አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርዎት።

በእርግጥ የሚቀየም ይኖራል። ችግር ቢገጥምዎ ምክር የሚጠይቋቸውን አራት አምስት ሰዎች ስም ይጻፉ። ከእነዚህ አንዱ ቅር ካለው ቁጭ ብሎ መነጋገር ተገቢ ነው፤ ምናልባትም እውነት አለው። የሌላው ቅሬታ ግን ሳይስተካከል ቢቀርም ግዴለም።