የስላይድ ሳጥን

ዛሬ ለተግባር ልምምድ የመጡ የላብራቶሪ ተማሪዎችን ይዤ ዋልኩ። አቃቂ ጫፍ ላይ ነው የምንሠራው።

አንዷን የወባ ስላይድ፣ ማለትም ደም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ መስታወት፣ ሥሪ አልኳት። ቲዎሪውን ውኃ አድርጋዋለች። ወፍራሙ የደም ቅብ ሜታኖል (ደሙን መስታወቱ ላይ የሚያጸናው አልኮል) አይነካውም፣ ስሱ ግን ይነካዋል፤ ወፍራሙ ወባ መኖሩን፣ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳል... አንድም አልሳተችም። እጇ ላይ ሲመጣ ግን ደሙ ተዝረከረከ። ምን ታድርግ? ኮሌጅ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ከበው ተራ ሲጠብቁ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ቀጥሎ የጂምሳው (የማቅለሚያው) ዝቃጭ ሁሉ ወባ መሰላት። ትክክለኛውን ያላየ ሰው በምን ይለየው! አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እኛ ጋ ወባ የሚገኝባቸው አብዛኞቹ ከቆላ የመጡ ናቸው። ተማሪው አንድም ፖዘቲቭ ሳያይ ልምምዱን ሊጨርስ ይችላል።

ለዚህ ነው የተረጋገጡ ስላይዶችን በሳጥን የማስቀምጠው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ያለበትን አወጣሁላት። ስልኳን ማይክሮስኮፑ ዐይን ላይ ደግፋ ለጓደኞቿ አሳየች። "ውይ፣ ቀይ ሴሉ እንዴት አብጧል!" አንዱ ደግሞ ትንሽ አየት አድርጎ ኔጌቲቭ ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። ቢያንስ 100 የማይክሮስኮፕ እይታ ሳትቆጥር የለም አይባልም፣ ወንድሜ።

ኮሌጆች ውድ ማሽን ከመመኘታቸው በፊት ይቺን ሳጥን ቢይዙ እላለሁ። ወጪዋ ኢምንት ነው።

የሙያ አጋሮቼ፣ የተረፈ ፖዘቲቭ ስላይድ ካላችሁ የታካሚውን ስም አጥፍታችሁ አካፍሉን። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ያለበት በጣም አጥሮናል።