የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል ሞከርኩ፤ ጥላሸቱ ግን ከሌላ ቦታ ነበር የሚመጣው

መኪናዬ በፈረንጆች የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ 5ኤ የሚባለው ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ነው ያላት። የገዛኋት ሸዋ ሮቢት ከሚኖር ሰው ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነ በሥራ ቀን ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ቤት፣ በአንድ ጉዞ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እናቴን ለመጠየቅ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ ነገሩ ሁሉ ከዚህ አነዳድ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲገባ ችግሩ ጠና። ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ ቆም ስል ትጠፋለች። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ሞልቼ፣ ነድቼ፣ እንደገና እስከ አፉ ሞልቼ ሳሰላው በሊትር የምትሄደው 10.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ። ከድክመቱ ከፊሉ የከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። ያንን የሚመልስ ጠርሙስ የለም። መንቀጥቀጡ ግን የከፍታ ሥራ አይደለም።

የጀመርኩት ሰልባትዮ ውስጥ በሚጨመረው ማጽጃ ነው። ስገዛ የፈለግኩት ፖሊኢተር አሚን ያለበትን ነበር። የዚህ ንጥረ ነገር አንዱ ጫፍ ጥላሸቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሌላው ጫፉ ቤንዚን ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ጥላሸቱን እያነሳ ከነዳጁ ጋር ወስዶ ያስቃጥለዋል። ጠርሙሱን ሰልባትዮው ባዶ ሊሆን ሲል ጨምሬ ሞላሁበት፤ ቤንዚኑ ሲገባ ራሱ ያቀላቅለዋል። ከዚያ ደርሶ መልስ ሸዋ ሮቢት ነዳሁ። በከተማ አጭር ጉዞ ከመጨረስ ረጅም መንገድ ላይ ቢያልቅ ይሻላል፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሲሠራ ነው ኬሚካሉም የሚሠራው። በመጀመሪያው ሙሌት ምንም ለውጥ አላየሁም። በሁለተኛው ነዳጅ ስረግጥ የነበረው መደናቀፍ ቀነሰ፤ ፍጆታዋም 10.6 ደረሰ። የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ግን እንዳለ ነው።

ለምን እንደሆነ የገባኝ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈትቼ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሳህን ከፍቶ የሚዘጋውን ትሮትል ቦዲ ሳይ ነው። ሳህኗ ዙሪያዋን ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ይዟታል። የዚህ ሞተር ኢንጀክተሮች (ነዳጁን የሚረጩት) ያሉት ከትሮትሉ በኋላ፣ ከቫልቮቹ አጠገብ ነው፤ ሰልባትዮ ውስጥ የጨመርኩት ነገር በዚያ በኩል አያልፍም። መቶ ጠርሙስ ብጨምር ያንን ሬንጅ አይነካውም ነበር። ለትሮትል ቦዲ የተሠራ ስፕሬይና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ግማሽ ሰዓት ሠራሁበት። ሚኒሞው በዚያው ቀን ተስተካከለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መኪናችሁ የአየር መጠን የሚለካ ሴንሰር ካለው ያንን ስፕሬይ ሴንሰሩ ላይ እንዳትረጩት፣ ያበላሸዋል፤ ለእሱ የተሠራ ሌላ ማጽጃ አለ።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዋናነት ስለ እሱ ነው። አሮጌው ዘይት ላይ ተጨምሮ ሞተሩ በሚኒሞ ለ10 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከዘይቱ ጋር የሚቀዳ ማጠቢያ ገዛሁ። መመሪያውን በትክክል ተከተልኩ፤ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀየርኩ። የወጣው ዘይት ጥቁር ስለነበር ሥራው የተሳካ መሰለኝ። ግን ይህች መኪና ከ240,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች፤ ከእኔ በፊት ዘይቷ በስንት ጊዜ ይቀየር እንደነበር አላውቅም። ለዓመታት የተጋገረ ዝቃጭ በ10 ደቂቃ ሟሙቶ አያልቅም። ይላቀቃል፣ ከዚያም የወደቀበት ቦታ ይሄዳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ አንዱ ኩርባ ላይ የዘይት መብራቱ ብልጭ አለ። ዳር ይዤ ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ዘይቱን ስለካ ሙሉ ነው። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ሲወርድ ስለሆነ ዘይቱ ሙሉ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሆንም። ተጎትቼ ደብረ ሲና ገባሁ። እዚያ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ከታች ያለውን የዘይት መያዣ ሲያወርዱት፣ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት ከግማሽ በላይ የቡና አተላ በመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ተደፍኗል። የቫልቭ ክዳኑ ጎሚኒም ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል።

«ልጄ፣ ጎሚኒው ከደረቀ ቆይቷል። ይዞት የነበረው ቆሻሻው ነው» አሉኝ።

ወንፊቱን እያጠቡ ሳለ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ፤ የሙቀት ማሳያው መርፌ የት ነው የሚቆመው? ሁልጊዜ ከታች ነው፣ ሞቃ አታውቅም ጋሼ፣ አልኳቸው። ቡሎኖቹን ፈተው ተርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) መኖር የነበረበትን ቦታ አሳዩኝ። ባዶ ነው። ቆላ ላይ ሞተር እንዳይግል ተብሎ ተርሞስታት ማውጣት የተለመደ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን መኪና ይዤ ደጋ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተያያዘልኝ። ተርሞስታት ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ስለሚዞር ሞተሩ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያውም በ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ፣ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ኮምፒውተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የተረፈው ነዳጅ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትም ሙቀት አጥቶ ሳይተን ይቀራል። ዝቃጩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ለወራት ሳየው የነበረው የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ይኸው ነበር። እኔ በላይ በኬሚካል ሳጥብ ሞተሩ በታች እንደገና ያቆሽሽ ነበር።

በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ተርሞስታት ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት ቤት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቼ ሞከርኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራ ከሆነ ከመፍላቱ በፊት ሲከፈት በዓይን ይታያል። ተከፈተ። ራዲያተሩንም ጨምሬ አሳጠብኩ፤ ምክንያቱም ተርሞስታት የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋ ራዲያተር ነው፤ እሱ ሳይጸዳ ተርሞስታት መመለስ ዳገት ላይ ያስግላል።

ጥር ላይ ለካሁ፤ በሊትር 12.3 ኪሎ ሜትር። ካንዴላዎቹ ከደረቅ ጥቁር ወደ ፈካ ያለ ቡናማ ተቀይረዋል። መርፌው ከቤት ወጥቼ ሥራ ቦታ ስደርስ መሐል ይቀርባል። ጣርማ በር ላይ አሁንም ሁለተኛ ማርሽ እገባለሁ፤ ግን አታቃስትም።

የቀረውን ዝቃጭ ለዘይቱ ትቼለታለሁ። ጥሩ ዘይት የራሱ ማጽጃ አለው፤ ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ፊልትሮው ይይዝለታል። ስለዚህ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) አካባቢ ብረቱ መታየት ጀምሯል፣ ጥግ ጥጉ ገና ነው። ቀጣዩ ቅያሪ ከፋሲካ በፊት ይደርሳል፤ ያኔ ደግሞ ከፍቼ አያለሁ። ሁለተኛውን የማጠቢያ ጠርሙስ አልከፈትኩትም።