አንድ ምት፣ ሁለት ድምፅ

ዛሬ ያየሁት የድራም ኮር (ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ በጥሩምባ፣ በከበሮና በባንዲራ ትርኢት የሚያሳይ ቡድን) ልምምድ ቪዲዮ ላይ ልጁ ስኔሩን፣ ማለትም ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ከበሮ፣ አንዴ «ጧ!» አደረገው። ቆየት ብሎ ከባዶው ወንበር በኩል ሌላ «ጧ!» መጣ። ስታዲየሙ ጣሪያ አለው።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ግድግዳው 100 ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ 0.6 ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ደግሞ የአንድ ምት ሩብ 0.083 ሰከንድ ብቻ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ጥርት ያለው ፈጣን ድብደባ እዚያ ገንፎ ይሆናል። ገደል ማሚቶውን ተከትሎ የመታ ልጅ ደግሞ አለቀለት፣ ወደ ኋላ ይጎተታል። ስለዚህ ከሜዳው ፊት ያሉት ማሪምባ (በዘንግ የሚመታ ባለ እንጨት ሰሌዳ መሣሪያ) መቺዎች የሚከተሉት ከኋላቸው በቀጥታ የሚመጣውን ከበሮ ነው።

የድራም ኮሮችን ውድድር የሚያዘጋጀው የአሜሪካው ዲሲአይ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፍጻሜ ቤቱ የኢንዲያናፖሊሱ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው። ሰኔ ላይ ሜዳ ለሜዳ የሚዞረው ሙዚቃ ነሐሴ ላይ ጣሪያ ስር ይገባል። ብልህ አቀናባሪ ታዲያ ኖታ አይጨምርም፤ ትልቁን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) በአንዴ ቆርጦ ዝም ይላል፣ ዝምታውን አዳራሹ ራሱ ይሞላዋል። (ለእኔ ከጥሩምባው ሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው።)

ባንዲራ ወርዋሪዎቹ ግን ደስ ይላቸዋል፤ ጣሪያው ከተዘጋ ነፋስ የለም።