ጣራው ከፍ ያለው ሃይሩፍ ወይስ ዝቅ ያለው፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት መኪና ውስጥ እያደርን ስንለካ

ሰሜን ሸዋን ሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ሚታደርበት መኪና ስትገዙ አልጋው ስንት ሜትር ነው ብላችሁ አትጀምሩ፣ ቁጭ ስትሉ ጭንቅላታችሁ ጣራ ይነካል ወይ ብላችሁ ጀምሩ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ ውጪ ወንበር ዘርግቶ እሳት እየሞቁ ማምሸት ሚባለው ነገር ፎቶ ላይ ነው ያለው፣ ብርዱ እየገፋ ያስገባችኋል፣ ከገባችሁ ደሞ ፀሐይ እስክትወጣ እዛችው ላሜራ ውስጥ ናችሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ደሞ አይተኛም። ይበላል፣ ልብስ ይቀየራል፣ ልጅ ይጫወታል፣ ሻይ ይፈላል፣ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃል። ይሄ ሁሉ ሚሆነው ተቀምጦ ነው።

ምርጫችን ሁለት ሃያስ (የቶዮታ ሚኒባስ) መሀል ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ያለ፣ ጣራው ዝቅ ያለው ባለ 4.70 ሜትሩ፣ ባለቤቱ ድሮ ቱሪስት ያመላልስበት የነበረ፣ ውስጡን አናጢ አስገብቶ አልጋና ቁምሳጥን ያሠራለት። ሌላኛው ደብረ ብርሃን ያለ ሃይሩፍ፣ ረጅሙና ሰፊው፣ 5.38 በ1.88፣ ቁመቱ ከመሬት 2 ሜትር ከ28 ገደማ ሚሆነው፣ እሱ ግን ውስጡ ምንም አልተነካም፣ ሰው ሲጭን የነበረ፣ ወንበሩም እንዳለ ነው። የመጀመሪያውን ሰውዬ ለጥቂት ቀን ያከራየን አልነው፣ ከገዛን ከዋጋው ይቀነስልን፣ ካልገዛን ደሞ ኪራይ ነው። እሺ አለ። እና በአንዱ እየሄድን ሌላኛውን ልናይ፣ በዛውም አንኮበርና ሸዋ ሮቢት ልንደርስ ወጣን፣ እኔ፣ ባለቤቴና የስድስት ዓመት ልጃችን። መንገዱን ከመውጣታችን በፊት እዛ ያሉ ዘመዶች ደውለን ጠይቀናል፣ ማታ አንነዳም፣ ማደርም ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

ከነዚህ በፊት አዲስ አበባ ያየናት አንዲት አሮጌ ፎልስዋገን ነበረች፣ ያቺ ጣራዋ ከፍ ሚለዋ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው። እውነት ለመናገር ውስጧን ያየ ሰው ሌላ አያምረውም። ኩሽናዋ በሹፌሩ በኩል ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፣ የኋላ ወንበሯ ተስቦ አልጋ ይሆናል፣ የጋቢና ወንበሮቿ ደሞ ወደ ኋላ ይዞሩና ሳሎን ትሆናለች። ግን በካርኔ (ለጊዜው ብቻ በሚያስገባ ወረቀት) የገባች ናት፣ ቀረጥ አልተከፈለባትም፣ ስለዚ ደላላው ምንም ቢል ቻው ብለን ሄድን። እሷን ማየታችን ግን አንድ ነገር አሳየን፣ ሃያስ ላይ ያንን ማድረግ አይቻልም፣ ሞተሩ ጋቢና ወንበሩ ስር ስለሆነ ወንበሩ አይዞርም፣ ጋቢናው ከኋላው ተነጥሎ ይቀራል። ሃያስ ስትለኩ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ጀምራችሁ ነው ምትለኩት፣ ደላላ ግን ጠቅላላ ርዝመቱን ነው ሚነግራችሁ።

ሰንዳፋን፣ ሸኖን አልፈን (ሸኖ ቅቤ ገዝተናል፣ ፍሪጅ ለሌለው መኪና አይመከርም፣ ሽታው ፍራሹ ውስጥ ገብቶ ነበር) ረፋዱ ላይ ደብረ ብርሃን ገባን። ሃይሩፉን የሚሸጠው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ራሱ ሲነዳው የኖረ። ኮፈን መክፈት፣ ጭስ ማየት ሲጠብቅ ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ በወንበሮቹ መሀል ተጋደመች።

«እህቴ፣ ሞተሩን አታዩም እንዴ?»

«ሞተሩን መካኒክ ያየዋል፣ ወንድሜ። እኔ ምተኛበትን ልይ።»

ሰውዬው ሳቀ፣ ከዛ ግን ገባው መሰለኝ የኋላውን ወንበሮች አጣጥፎ ሜትሩን ከሌላኛው ጫፍ ያዘልኝ። ከሹፌር ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በር ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ወርዱ ላሜራ ለላሜራ አንድ ሰባ ገደማ፣ ከወለል እስከ ጣራ አንድ ስልሳ አካባቢ። እኔ 1.78 ስለሆንኩ ቆሜ አልሄድም፣ ጎንበስ ብዬ ነው። ባለቤቴ 1.60 ናት፣ ፀጉሯ እየነካ ትቆማለች። አልጋውን ወደ ጎን ካደረግነው እሷ ዘርጋ ብላ ትተኛለች፣ እኔ ጉልበቴን ሳላጥፍ አይሆንም፣ ግድግዳው ላይ ደሞ ስፖንጅና ኮምፔንሳቶ ሲለጠፍ ካለው ላይ ሌላ ስንት ሳንቲሜትር ይሄዳል። ጻፍነውና አንኮበር እንደርሳለን ብለን ወጣን።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ መንገዱ ላይ ሜዳው ነፋስ ብቻ ነው። ያደርነው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ማረፊያ ግቢ ውስጥ፣ ከፍለን። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ክፍሉ ተወደደባችሁ?»

«አይ አባባ፣ መኪናውን እየሞከርነው ነው።»

«ሲነዳ ነው እንጂ መኪና ሚሞከረው፣ ተተኝቶበት ደሞ ምን ሊባል ነው?»

አልመለስኩላቸውም፣ ስንቱን አስረዳለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ዝቅ ያለው ሃያስ ውስጡ ከወለል እስከ ጣራ 1.32 ገደማ ነው። አናጢው አልጋውን 40 ሳንቲ ላይ ሰቅሎታል፣ ከስሩ ጀሪካንና ሻንጣ እንዲገባ ብሎ። ፍራሹ 10 ሳንቲ። ቀረልህ 82። የኔ ቁመት ስቀመጥ ከመቀመጫዬ እስከ አናቴ 90 ያልፋል። ወረቀት ላይ ስምንት ሳንቲሜትር ምን አላት ትላላችሁ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አንገታችሁን ሰብራችሁ ስትቀመጡ ግን ታውቋታላችሁ። ደገፍ ብዬ እበላለሁ ስል ወጡ ደረቴ ላይ፣ ተንጋልዬ ስል ጉሮሮዬ ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ስር ባለችው ትንሽ ባዶ ወለል ላይ ወርጄ አልጋውን እንደ ጠረጴዛ ተጠቀምኩበት፣ እሱ ተሻለ። አልጋው ወደ ርዝመቱ ስለሆነ ካለው ሦስት ሜትር ውስጥ አንድ ዘጠና በልቷል፣ ለኑሮ ሚቀረው አንድ ሜትር ከምናምን ነው፣ እሷም ላይ ቁምሳጥኑ ቆሟል፣ ደሞ የተንሸራታቹን በር ግማሽ ዘግቶ፣ ጎንህን አዙረህ ነው ምትወርደው።

ኩሽናው ከኋላ ነው፣ የኋላውን በር ወደ ላይ ስትከፍተው ጥላ ይሆንልሃል፣ ከሱ ስር ቡታጋዙ ተስቦ ይወጣል። ሀሳቡ አሪፍ ነው። አንኮበር ላይ ግን ከገደሉ ሚመጣው ነፋስ እሳቱን በለኮስነው ቁጥር አጠፋው፣ የኋላው በር ክፍት ስለሆነ ደሞ ብርዱ በቀጥታ አልጋው ላይ ይገባል። ምድጃውን ነቅለን ወደ ውስጥ አስገባን፣ በሩን ገርበብ አድርገን ፓስታ ጣድን። ያው ከፍታው ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው ሚፈላው፣ ደብረ ብርሃን አካባቢማ 90 ገደማ ላይ፣ ስለዚ ፓስታው ይቆያል፣ በቆየ ቁጥር እንፋሎቱ ይበዛል፣ እንፋሎቱ ደሞ ቀዝቃዛ ላሜራ ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። በዛ ላይ የሦስት ሰው ትንፋሽ ጨምሩበት። ሌሊት ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዝናብ መስሎኝ ነበር። ጠዋት መስኮቱን በፎጣ ጨምቀን ነው ያደረቅነው፣ አናጢው ቁምሳጥኑን በቺፑድ ስለሠራው ደሞ የታችኛው ጠርዙ አብጦ ነው ሚታየው፣ ያም የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። እርጥበት ባለበት ቺፑድ አታስገቡ፣ ኮምፔንሳቶ ይወደዳል ግን ይኖራል።

ዘበኛው አዘኑልንና የከሰል ማንደጃ ይዘው መጡ፣ ፍም አድርገውበታል። አመስግኜ ውጪ ነው ያስቀመጥኩት። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ዝግ መኪና ውስጥ ይገድላል፣ ሽታ የለው፣ አያነቃህ፣ በቃ። የመንዝ ባና ለብሰን ተኛን፣ እሱ ከየትኛውም ማሞቂያ ይሻላል። ከሁላችን የተመቸው ልጁ ነው፣ ጋቢና ወንበሮቹ ላይ ጣውላ አጋድመን አስተኛነው፣ ስሩ ሞተሩ ነው፣ ስንነዳ ስለዋልን እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ነበረው። ጠዋት ሲነሳ ጭላዳዎቹ ገደሉ ላይ ወጥተው ሳር እየነጩ ነበር፣ ከመስኮቱ ማን ያላቀው።

ከአንኮበር ተመልሰን በጣርማ በር ወረድን። ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ከዛ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ለመኪና ውስጥ አቀማመጥ ፈተና ነው። የመሳቢያዎቹ መያዣ ማግኔት ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሁሉም ተከፈቱ፣ ማንኪያው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ ወለል ላይ። ባለቤቴ «እኔ ምልህ፣ ኩሽናው ጋቢና መጣ» አለች። መሳቢያ መቀርቀሪያ ይፈልጋል፣ ከባዱ እቃ ደሞ ከታች፣ ይሄን ማንም ያውቃል ግን ማንም አያደርገውም። ዝቅ ያለው እዚህ ላይ ግን ያሸንፋል፣ ነፋሱ ብዙም አይነካውም፣ ኩርባ ላይ አይወዛወዝም፣ ይሄንን ልነፍገው አልችልም።

ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሌላ ዓለም ነው፣ ከ1,300 ሜትር በታች፣ ማታም ላብ ነው። ያን ሁሉ የተረገመው የኋላ ኩሽና እዚህ ንጉሥ ሆነ፣ በሩን ወደ ላይ ከፍተን ከስሩ አበሰልን፣ ውጪ በላን፣ ማንም ውስጥ መቀመጥ አላማረውም፣ ቁመቱም ትዝ ያለን የለም። እዚህ ያስቸገረን አየር ነው፣ የኋላ መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ በር ከፍቶ መተኛት ደሞ በወባ ትንኝ አይታሰብም። አንኮበርን ሳያይ እዚህ ብቻ የሞከረው ሰው ዝቅ ያለውን ዓይኑን ሳያሽ ይገዛዋል። እኛ ግን እረፍት ሲኖረን ምንሄደው ደጋ ነው፣ የባለቤቴ ዘመዶች ሞላሌ ናቸው፣ ጓሳም ለማየት ካሰብን መንዝ ነው ምናድረው፣ ስለዚ ለቆላ ምቹ በሆነ መኪና ደጋ ምን እንሠራለን።

ስንመለስ ደብረ ብርሃን ቆመን ሃይሩፉን ነዳሁት። ከከተማ ወጣ እንዳልኩ ነፋሱ ከጎን ሲመታው መሪውን ይስበዋል፣ በሁለት እጅ ነው። ናፍጣም ይጠጣል፣ ሰውዬው ራሱ አልደበቀም። ከዛ አቆምነውና ጀሪካን ላይ የታጠፈ ፍራሽ ጭነን 50 ሳንቲ ላይ ተቀመጥኩ። ከጭንቅላቴ በላይ እጄ ይገባል። ልጁ ቆሞ ዘለለ። በቃ፣ እዛ ጋ አለቀ።

አቀማመጡን እዛው ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው የሳልነው። ቋሚ አልጋ የለም። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ፊት ለፊት፣ እንደ ድሮው ውይይት ታክሲ፣ ማታ መሀሉ ላይ ጣውላ ይጋደምና አልጋ ይሆናል፣ ወደ ርዝመቱ፣ እኔም ተዘርግቼ። 3.50 ውስጥ አንድ ዘጠናው ለሱ፣ አንድ ስልሳው ለኩሽናና ለመቆሚያ። ምድጃው የጎን በሩ አጠገብ፣ ግን ተነቃይ፣ ደጋ ውስጥ ቆላ ውጪ። የጎን በሩን ምንም ነገር አይነካውም። ጣራው ላይ ሚከፈትና ሚዘጋ የአየር ማስወጫ፣ ከኋላ ደሞ ሁለት ሚከፈቱ መስኮቶች ወንፊት ያላቸው። ጎማው ወደ ውስጥ ያበጠበት ቦታ አግዳሚዎቹ ስር ስለሚገባ ሚባክን ቦታ የለም።

ሰውዬው ጋ ያጨቃጨቀን ዋጋው አይደለም፣ ዋጋው ላይ ያው ትንሽ ወረደ፣ ወንበሮቹ ናቸው። ነቅሎ ለብቻ ሊሸጣቸው አስቦ ነበር። እኛ ደሞ ሊብሬው ላይ የሰው ቁጥር ተጽፎ፣ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ወንበር የለውም ቢባል ማን ይመልሳል? አብረው ይምጡ አልን። ባለቤቴ «ወንድሜ፣ ወንበር የሌለው መኪና ከሆነ ምትሸጥልን በወንበር የሌለው ዋጋ ሽጥልን» አለችው፣ ዝም አለ፣ ከዛ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። አሁን ወንበሮቹ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ናቸው፣ አናጢው ደሞ ሰኞ እጀምራለሁ እያለ ነው።