ያማረ ቤት

በሐረር ጀጎል አስጎብኚነት በጀመርኩበት ዓመት ከፈረንሳይ የመጡ እንግዶችን ይዤ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ወደሚጠራው ቤት ገባሁ። ገጣሚው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880 ለንግድ ሐረር እንደ ገባ፣ በ1887 ደግሞ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ እንደ ሸጠ ከተናገርኩ በኋላ ከራሴ የፈጠርኩትን ማጣፈጫ ጨመርኩበት። በፈረንሳይኛ «ሪም» ቤት መምታት፣ «ቦ» ደግሞ ቆንጆ ማለት መሆኑን አውቅ ነበርና፣ የቤተሰቡ ስም «ያማረ ቤት መምቻ» ማለት እንደሆነ በኩራት አስረዳሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል በሚባልበት አገር ላደግሁት ለእኔ፣ ገጣሚ ሌላ ስም ሊኖረው አይችልም ነበር።

ዕድሜያቸውን በቤተ መዛግብት ሥራ ያሳለፉ አንዲት እናት ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው ስሙን በማስታወሻዬ ላይ ጻፉልኝ። መጨረሻው ላይ «ቆንጆ» በሚለው ቃል ውስጥ የሌለ፣ ተጽፎ የማይነበብ «ዴ» አለ። እንዳስረዱኝ ስሙ የመነጨው ፍራንክ የተባሉት የጀርመን ነገዶች ወደ ጎል፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ይዘውት ከገቡት ቋንቋ ነው፤ «ራጊን» ምክር፣ «ባልድ» ደፋር ማለት ሲሆን፣ ከዘመን ብዛት «ል» ወደ «ኡ» ተለውጣ «ባልድ» «ቦ» ተብሎ የሚነበበውን መልክ ያዘ። ቲቦ የሚለው ስምም መጨረሻው ይኸው «ባልድ» ነው። «ታዲያ ደፋር መካሪ ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ የጥንቶቹ ሁለቱን ቃላት ብዙ ጊዜ የሚያጣምሩት አንድ ሐሳብ እንዲሰጡ ብለው እንዳልነበረ ነገሩኝ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ራምቦ መጀመሪያ የግለሰብ መጠሪያ የነበረ መሆኑ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው የደቡብ ፈረንሳይ ባለቅኔ ራምቦ ዶራንዥ በመጠሪያ ስሙ ራምቦ ነበር፤ እንዲህ ያለው መጠሪያ በኋላ ለልጅ ልጆች የሚወርስ የቤተሰብ ስም ሆነ። የአርተር አባት ሻምበል ፍሬደሪክ ራምቦ ስለነበሩ፣ በእኛ ደንብ ቢሆን ኖሮ ልጁ አርተር ፍሬደሪክ ይባል ነበር። እኔ በገጣሚው ላይ የለጠፍኩት ትርጉም፣ ምንም ልክ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ የእርሱ ሳይሆን ከብዙ ትውልድ በፊት የሞተ የአንድ አያት ነበር።

በማግስቱ ሌሎች እንግዶችን ይዤ ስመለስ «ያማረ ቤት» የሚለውን አነጋገሬን አልጣልኩትም፤ ጣሪያውን ሥዕል ላስጌጠው ለዚያው ፎቅ ቤት ብቻ አዋልኩት።