አእምሮ ከማህፀን ይጀምራል

ዛሬ ደሴ ገበያ ላይ ጨው ከማዳበሪያ ተዘርግፎ ፀሐይ ላይ ሲሸጥ አየሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ይጠፋል። ፅንሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉን የሚሠራው የእናቱ የአንገት እጢ (ታይሮይድ) በሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ያ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይመረትም። እህቶቼ፣ ጨዉን በታሸገው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ግን ከዚያም ይቀድማል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ።

በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1944/45ቱ ረሃብ፣ ችጋሩ በበረታበት ሰሞን የተፀነሱት ሲያድጉ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የ66ቱንና የ77ቱን ችጋር ላየ የወሎ ሰው ይህ ከባድ ወሬ ነው። አብዛኞቹ ግን አልታመሙም፤ ተጋላጭነት ፍርድ አይደለም።

ከወሊድ በኋላም የእናት ስሜት ለሕፃኑ አንጎል ወሳኝ ነው። ለቅሶና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየባትን አራስ «ያልፍላታል» ብላችሁ አትተዉአት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።