ከመጀመሪያዋ ኩዊዝ ጀምሮ ውጤቴን ራሴ እየደመርኩ እንዴት ተመረቅኩ

ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ለሚገቡ ልጆች ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ውጤታችሁን ከመጀመሪያዋ ኩዊዝ ጀምራችሁ ራሳችሁ ደምሩ። ግሬድ እስኪለጠፍ አትጠብቁ። እኔ ደሴ ላይ አካውንቲንግ ተምሬ በማዕረግ የወጣሁት ከሌላው የተለየ ጭንቅላት ኖሮኝ አይደለም። በየሴሚስተሩ የት እንዳለሁ ስለማውቅ ነው።

ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ምደባዬ ደሴ ሲሆን እናቴ ደስ አላት። መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጣ ብትል ልጇን ታገኛለች። ጊቢ ስገባ ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ፋይናል ብቻ ነበር። «ፋይናል ላይ እናካክሳለን» የሚባል ነገር አለ። ዶርማችን ውስጥ የነበረ አንድ ሲኒየር ይህን ሲሰማ የሴኔት መመሪያውን ከስልኩ አውጥቶ አሳየን። ከመቶው ግማሹ ከፋይናል በፊት ያልቃል። ቴስት፣ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት ተደምሮ 50 ነው። ፋይናሉ ቀሪው 50 ነው። በሚድ ጊዜ የተኛ ሰው ፋይናሉን ሙሉ በሙሉ ቢሠራ እንኳ የሚይዘው ጣሪያ አለው።

በዚያው ቀን ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ገጽ ሰጠሁ። መምህሩ የሰጠውን የማርክ አከፋፈል ከላይ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ደግሞ ወረቀት በተመለሰ ቁጥር ውጤቴን።

ቀጥሎ የግሬዱን ሰንጠረዥ በደንብ አየሁት። ብዙ ተማሪ የሚያውቀው «85 ኤ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። መታየት ያለበት ግን ከአንዱ ግሬድ ወደ ሌላው ሲታለፍ ስንት ነጥብ እንደሚጨመር ነው። 80 ኤ ማይነስ ነው፣ ነጥቡ ከ4 3.75። 75 ቢ ፕላስ ነው፣ 3.5። 70 ቢ ነው፣ 3.0። 65 ቢ ማይነስ ነው፣ 2.75። 60 ሲ ፕላስ ነው፣ 2.5። 50 ሲ ነው፣ 2.0። እንግዲህ ከ74 ወደ 75 ያለችው አንዲት ማርክ ግማሽ ነጥብ ታመጣለች። ከ79 ወደ 80 ያለችው ግን ሩብ ብቻ። ከ59 ወደ 60 ደግሞ እንደገና ግማሽ ነው። 51 ያመጣና 59 ያመጣ እኩል ሲ ናቸው። 85 እና 100ም ነጥባቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 4። ከታች በኩል ደግሞ 44 ዲ ሆኖ 1.0 ሲይዝ 45 ሲ ማይነስ ሆኖ 1.75 ይይዛል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ የፋይናል ሰሞን አጠናኔ ተቀየረ። ከፋይናል በፊት 36 የያዝኩበት ኮርስ ካለ ለ75 የሚጎድለኝ 39 ነው። ይቻላል። ለ80 ግን 44 ከ50 ያስፈልገኛል። ሌላው ኮርስ ላይ 31 ከያዝኩ ለ60 የሚበቃኝ 29 ነው። ታዲያ ላይብረሪ ስገባ የትኛውን ደብተር ቀድሜ እንደምከፍት አውቃለሁ። የደሴ ብርድ ሌሊት ላይ እንደሚታወቀው ነው፣ ጋቢ ደርቦ የሚያጠና ሰው ሰዓቱን በከንቱ ማባከን የለበትም።

ክሬዲትም አለ፣ የኮርሱ ክብደት ማለት ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስና ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ እኩል አይደሉም። ግሬዱ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህ ስሌት በጣም ጠቅሞኛል። ኮስት አካውንቲንግ ባለ 4 ክሬዲት ነበር። ግሬድ ሲለጠፍ ሲ ፕላስ አየሁ። ደብተሬን ከፈትኩ። ቴስት 8፣ ኩዊዝ 7፣ ሚድ 15፣ አሳይመንት 9፤ ድምሩ 39። ሲ ፕላስ ማለት ከ65 በታች ነው። ስለዚህ ፋይናሌ ከ26 በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ጥያቄዎቹን አስታወስኳቸው። እንዲያ ሊሆን አይችልም።

አልጮህኩም፣ ለሰውም አላማሁም። የተመለሱልኝን ወረቀቶች በሙሉ ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኔ ድምር 39 ነው የሚለው፣ ቢያዩልኝ» አልኳቸው። ዝርዝሩን ከፍተው አዩ። 39 የነበረው 29 ሆኖ ገብቷል። ፋይናሌ 34 ነበር። ከ63 ወደ 73 ወጣ፣ ሲ ፕላሱም ቢ ሆነ። መምህሩ በመቶ የሚቆጠር ወረቀት የሚያርሙ ሰው ናቸው። ቅር አላሰኛቸውም። የግሬድ ማስተካከያ ፎርሙን ራሳቸው ሞሉ፣ በዲፓርትመንት በኩል አልፎ ሬጅስትራር ደረሰ። የዚያ ሴሚስተር ክሬዲቴ 15 ነበር። በዚህ አንድ ኮርስ ብቻ ጂፒኤዬ፣ ማለትም የሴሚስተሩ አማካይ ነጥቤ፣ ከ3.15 ወደ 3.28 ተነሳ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን የተወሰነ ነው። ካለፈ በኋላ እውነት ቢኖራችሁም በሩ ይዘጋል። ብዙ ልጆች ግሬዳቸውን የሚያዩት ለቀጣዩ ሴሚስተር ሲመዘገቡ ነው። ያን ጊዜ ማንም አይሰማቸውም።

ስለ ኤፍኤክስም ልንገራችሁ። ከ30 እስከ 40 ያለው ኤፍኤክስ ይባላል። ኤፍ አይደለም። ከጎኔ የሚተኛ ልጅ ፍሬሽ ላይ ማትስ 38 አመጣና ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረ። «አብሽር፣ መጀመሪያ መመሪያውን እንየው» አልነው። ኤፍ ያመጣ ኮርሱን እንደገና ይማራል፤ ኤፍኤክስ ያመጣ ግን ኮርሱን ሳይደግም እንደገና ይፈተናል። ተመዝግቦ ተፈተነና አለፈ። ባናየው ኖሮ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነበር። መውደቅ ሳይሆን አለማወቅ ነው ሊያስወጣው የነበረው። በእኛ ጊቢ ላለመባረር መያዝ ያለበት አማካይ ነጥብ አንደኛ ዓመት ላይ 1.75 ነበር፣ ከዚያ በኋላ 2.00። ለመመረቅም ሲጂፒኤ፣ ማለትም የሁሉም ሴሚስተር አማካይ፣ ከ2.00 ማነስ የለበትም።

ማዕረግ የሚያስብ ሰው ደግሞ አንደኛ ዓመትን አይናቅ። ማዕረግ የሚጀምረው ከ3.25 ነው። ከፍተኛ ማዕረግ 3.5፣ እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ 3.75። እስኪ አብረን እናስላ። ጠቅላላው 130 ክሬዲት ቢሆንና የመጀመሪያዎቹን 30 በ2.4 ብትጨርሱ፣ 3.25 ለመድረስ የቀረውን 100 ክሬዲት በሙሉ ከ3.5 በላይ መሥራት አለባችሁ። ከባድ ነው። የፍሬሽ ውጤት ዲፓርትመንት ምርጫ ላይም ይታያል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ትምህርት ቆመ። ስለዚያ ወቅት ብዙ መጻፍ አልችልም፣ ገና ይከብደኛል። ከተማው ውስጥ ስንት ቢሮ እንደተዘረፈና እንደተቃጠለ ያየ ያውቀዋል። ከቤት ስንወጣ ከያዝኳቸው ነገሮች አንዱ ያ ደብተር ነበር። የግሬድ ሪፖርቶቼንም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር። ስንመለስ ማስረጃ ያልነበራቸው ልጆች ምን ያህል እንደተጨነቁ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምመክረው ይህንን ነው፦ የውጤታችሁን ቅጂ በወረቀትም፣ በስልክም፣ ለቤተሰብ ልካችሁም አስቀምጡ።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር የግሩፕ አሳይመንት አሰጣጥ ነው። አንድ ሰው ይሠራል፣ አምስት ሰው ስሙን ያስገባል፣ ሁሉም እኩል 9 ከ10 ይይዛሉ። ይህ የሰነፉንም የጎበዙንም ውጤት ያበላሻል። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ እያንዳንዱን ልጅ አቁማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እኛ ግሩፕ ውስጥ ተስማምተን እንዲህ አደረግን፦ ከማስገባታችን በፊት ሁሉም ሰው ሙሉውን ሥራ ለሌሎቹ ያስረዳል። ማስረዳት ያልቻለ እስኪገባው ድረስ ስሙ አይጻፍም። ሻይ እየጠጣን ፒያሳ ተቀምጠን የተከራከርንበት ባላንስ ሺት አሁንም ትዝ ይለኛል።

የዚህ ጥቅሙ የታየው መጨረሻ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሲጂፒኤ ውስጥ አይደመርም፣ ግን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ሲጂፒኤው ከ3 በላይ ሆኖ የወደቀ ልጅ አውቃለሁ። ያለው ማርክ ከግሩፕ ሥራ የመጣ ነበር። እኔ ዝግጅት የጀመርኩት ከደብተሬ ነው። ሲና ሲ ፕላስ ያመጣሁባቸውን ኮርሶች ለየሁ፣ በነሱ ጀመርኩ። ኤ ያመጣሁባቸውን መጨረሻ ላይ ብቻ ከለስኩ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ስክሪን ላይ ረጅም ጥያቄ ማንበብንም ቀድሜ ተለማመድኩ፤ በወረቀት ብቻ ያጠኑ ጓደኞቼ ሰዓቱ ቶሎ እንደሮጠባቸው ነግረውኛል።